የማይታይ ጨረርና የማይታወቅ በራሪ፤ የዐማራት ነዋሪ የትኛውን ይፍራ?

ዐማራት በካርቱም ከተማ ከዓለም አቀፉ የአውሮፕላን ማረፊያ በስተምዕራብ የተዘረጋ ሰፈር ነው። ስሙ በዐረብኛ «ሕንፃዎች» ማለት ሲሆን፤ ጎዳናዎቹ የሚታወቁት በሰው ስም ሳይሆን በቍጥር ነው። ከጦርነቱ በፊት ኤምባሲዎች፣ የንግድ ኩባንያዎች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጽሕፈት ቤቶችና የግል ሐኪም ቤቶች ተጠጋግተው የሚገኙበት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ሰዎችም በልዩ ልዩ ሥራ ተሠማርተው እንጀራቸውን የሚያገኙበት የታወቀ ሰፈር ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ ኀይል በሚባለው ጦር መካከል ውጊያ ሲነሣ፤ ከሁሉ አስቀድሞ እሳት ከነደደባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው የአውሮፕላን ማረፊያ ስለ ነበረ፤ ዐማራት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የጦር ሜዳ ሆነ። ነዋሪው ከፊሉ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ከፊሉ ወደ ግብጽ፣ ከፊሉም በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ማረፊያው ወደ ሠራዊቱ እጅ የተመለሰው መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት 12 ቀን ሠራዊቱ የካርቱምን ክፍለ ሀገር በሙሉ ማስለቀቁን ዐወጀ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው ሁለት ጥያቄዎችን ይዞ ያድራል። አንደኛው፤ በሌሊት በሰማይ ድምፁ የሚሰማው ምንድን ነው? የሚል ሲሆን፤ ሁለተኛው ደግሞ፤ በአፈሩና በፈረሰው ቤት ውስጥ ተደብቆ የቀረው ምንድን ነው? የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው ሊመረመሩ እንደሚገባ ማስረዳት ነው። ሁለቱ በወሬ ከተቀላቀሉ፤ ሰው ዐይኑን ወደ ሰማይ አቅንቶ የማያስፈራውን ሲፈራ፤ በእግሩ ሥር ያለውን እውነተኛ አደጋ ሳያውቀው ይረግጠዋል።

በሰማይ ያለው

በካርቱም ሰማይ የሚበርረው ሰው አልባ አውሮፕላን፤ ሱዳኖች «ሙሰየራ» ሌላው ዓለም «ድሮን» የሚለው፤ ምሥጢር አይደለም። ሁለቱም ተዋጊ ወገኖች ይጠቀሙበታል። ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከዚያ ቀን ድረስ ሰላም የነበረችው ፖርት ሱዳን በድሮን ተመታች፤ በተከታዮቹ ቀኖችም የነዳጅ ማከማቻዎቿ ሲነዱ በቀይ ባሕር የሚነግድ ሁሉ ጭሱን አየ፤ ያላየውም ሰማ። ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ የካርቱም የአውሮፕላን ማረፊያ ከሁለት ዓመት ተኩል መዘጋት በኋላ ለአገር ውስጥ በረራ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው አካባቢው በድሮን ተደበደበ።

እንግዲህ የዐማራት ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ ከመስኮት ቢርቅና ወደ ውስጠኛው ክፍል ቢገባ ፍርሀቱ ከንቱ ነው የሚለው የለም። ነገር ግን አደጋው የታወቀ አደጋ ነው፤ ፈንጂ ይዞ የሚመጣ መሣሪያ ነው። ለመፈራት ሌላ የተረት ጭነት አያስፈልገውም።

ወሬው የተነሣው ከሌላ በኩል ነው። ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት፤ የሱዳን መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 የኬሚካል መሣሪያ ተጠቅሟል ሲል ወነጀለ፤ ማዕቀቡም ከሰኔ 20 ቀን ጀምሮ ጸና። የሱዳን መንግሥት ክሱን አልተቀበለም። ከሳሹ ቦታውንና ቀኑን ለሕዝብ ዘርዝሮ ስላልገለጸ፤ ክፍት የቀረውን ስፍራ ወሬ ሞላው። ወሬውም በኬሚካሉ ሳይወሰን ወደ ጨረር ተሻገረ። በመጨረሻም የሱዳን የጤና ሚኒስቴር በካርቱም የኬሚካልም ሆነ የጨረር ብክለት ማስረጃ አለመገኘቱን በይፋ እስከ መግለጽ ደረሰ።

የወሬው አፈጣጠር፤ ከአሜሪካ የተገኘ ምሳሌ

በጦርነት መካከል ያለ ወሬ ከእውነቱ ጋር ተጠላልፎ ስለሚገኝ፤ አፈጣጠሩን አጥርቶ ለማየት ጦርነት ከሌለበት አገር ምሳሌ ማምጣት ይሻላል።

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት፤ በሌሊት የሚዞሩ የማይታወቁ በራሪዎች ታዩ የሚል አቤቱታ በዛ። ከመጀመሪያዎቹ ምስክርነቶች አንዳንዶቹ የመጡት ፒካቲኒ ከሚባለው የጦር መሣሪያ ምርምር ጣቢያ አካባቢ ስለ ነበረ ሕዝቡ ይበልጥ ተጠራጠረ። በዚሁ ሰሞን፤ ኅዳር 23 ቀን፤ በዚያው ግዛት ከሚገኝ አንድ የነቀርሳ ሕክምና ማእከል ለመወገድ የተላከ ጥቅል በመንገድ ተበላሽቶ ባዶውን ደረሰ። በውስጡ የነበረው ጀርማኒየም 68 የተባለ ጨረር አመንጪ የያዘ ትንሽ ዘንግ ሲሆን፤ አገልግሎቱም የሕክምና ምስል ማንሻ መሣሪያን ልክ ማስተካከል ነበር። የአሜሪካ የኑክሊየር ተቈጣጣሪ ኮሚሽንም ነገሩን እንደ ደንቡ በመዝገቡ አሰፈረው፤ መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ተነበበ።

በዚህ ጊዜ ሁለቱ ነገሮች ተጋቡ። የቤልቪል ከተማ ከንቲባ ማይክል ሜልሃም በቴሌቪዥን ቀርበው፤ በራሪዎቹ ምናልባት ይህንኑ የጠፋ ዕቃ እየፈለጉ ይሆናል የሚል ግምት ሰነዘሩ። ግምቱ ከአንድ ሹም አፍ በመውጣቱ ብቻ የወሬነት ልብሱን አውልቆ የዜና ልብስ ለበሰ። በጥቂት ቀን ውስጥም የጠፋው ዘንግ የአቶም ቦምብ እስኪመስል ድረስ አደገ።

መጨረሻውስ ምን ሆነ? የፌዴራሉ ወንጀል ምርመራ ቢሮ ከ5,000 በላይ ጥቆማ ተቀብሎ፤ ተጨማሪ ክትትል የሚያሻው አንድ መቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን አስታወቀ። ታኅሣሥ 7 ቀን አራት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጋራ ባወጡት መግለጫ፤ የታዩት የተፈቀደላቸው የንግድና የግል ድሮኖች፣ የፖሊስ ድሮኖች፣ ሰው የሚነዳቸው አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች፤ እንዲሁም በስሕተት ድሮን የመሰሉ ከዋክብት መሆናቸውን ገለጹ። ጥር 20 ቀንም ዋይት ሐውስ፤ ከበራሪዎቹ ብዙዎቹ ለምርምርና ለሌላም ጉዳይ የተፈቀደላቸው እንደ ነበሩ ተናገረ። የጠፋው ዘንግም ተገኘ።

ሒሳቡ ምን ይላል?

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይላል የአገራችን ተረት። በዚህ ጉዳይ መላው ሒሳብ ነው።

የጨረር ምንጭ ኀይል ቀድሞ በስፋት ይለካ በነበረበት በኩሪ ብንለካው፤ የኒው ጀርሲው ዘንግ ከአንዱ ኩሪ ሺኛ እጅ ሩብ የሚያህል ብቻ ነበር። ከዚህም በላይ ጀርማኒየም 68 በ271 ቀን ውስጥ ኀይሉ በግማሽ የሚቀንስ ነገር ነው። በአንጻሩ ወደ ኋላ የምንተርከው በብራዚል ሰው የገደለው ምንጭ 1,375 ኩሪ ነበር፤ ይኸውም ከኒው ጀርሲው ከ5,000,000 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሁለቱም በጋዜጣ «ጨረር አመንጪ ዕቃ» ተብለው በአንድ ስም ይጠራሉ። አንድ ጭልፋ ውሃና አንድ ሐይቅ ሁለቱም ውሃ እንደሚባሉ ያለ ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ የርቀት ነው። ጨረር ከምንጩ በራቅን መጠን የሚደክመው በርቀቱ ልክ ብቻ ሳይሆን በርቀቱ ካሬ ነው። ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ኀይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በአንድ ሜትር የነበረው በመቶ ሜትር ላይ ዐሥር ሺኛ እጅ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በብዙ መቶ ሜትር ከፍታ በሌሊት የሚዞር በራሪ ያን የመሰለ ደካማ ዘንግ ሊያገኝ የሚችልበት መንገድ የለም።

የጠፋ ጨረር በእውነት እንዴት እንደሚፈለግ የሚያሳይ ምሳሌ በምዕራብ አውስትራሊያ አለ። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ከማዕድን ማውጫ ወደ ፐርዝ ከተማ በጭነት መኪና ሲጓጓዝ፤ ርዝመቱ 8 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ ሲዚየም 137 የያዘ ፍሬ 1,400 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ላይ ጠፋ። መንግሥት ወሬ ሳይቀድመው መጥፋቱን፣ መጠኑን፣ መልኩንና ያየው ሰው ሊርቅ የሚገባውን ርቀት ለሕዝብ ነገረ። ጥር 24 ቀን መለኪያ የተገጠመለት መኪና በመንገዱ ላይ በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲያልፍ ምልክት ሰጠ፤ ፍሬዋም ከመንገዱ ዳር ሁለት ሜትር ያህል ርቃ ተገኘች። ያገኛት መኪና በምድር የሄደ መለኪያ ነው።

ካርቱም ከዚህ በፊት ያየችው

የካርቱም ሰው ስለማይታይ መርዝና ስለማይታወቅ በራሪ ሲነገረው ቶሎ ማመኑን እንደ የዋህነት መቍጠር አይገባም። ከተማይቱ ሁለቱንም አይታለች።

ነሐሴ 14 ቀን 1990 ዓ.ም. የአሜሪካ ሚሳይሎች በሰሜን ካርቱም የሚገኘውን አል ሺፋ የተባለ የመድኀኒት ፋብሪካ አፈረሱት። ለምክንያት የቀረበው ከፋብሪካው አጠገብ ተዘገነ የተባለ አፈር የነርቭ መርዝ መሥሪያ ቅመም ተገኘበት የሚል ነበር። ሱዳን ገለልተኛ መርማሪ ይላክ ብላ ለመንግሥታቱ ድርጅት ብታመለክትም አልተላከም። የተቋረጠው ግን የሕዝቡ መድኀኒት ነው። ከዚያ በኋላ ሱዳናዊ ሁሉ አንድ እፍኝ አፈር፤ በሌላ ሰው ያልተመረመረ እንደ ሆነ፤ ፋብሪካ ሊያፈርስ እንደሚችል ተማረ።

ጥቅምት 14 ቀን 2005 ዓ.ም. ከንጋት በፊት ደግሞ በደቡብ ካርቱም ያርሙክ የተባለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ፈነዳ። የካርቱም ገዥ መጀመሪያ ነገሩ ከውጭ የመጣ አለመሆኑን ተናገሩ፤ ብዙም ሳይቆይ የማስታወቂያ ሚኒስትሩ አራት አውሮፕላኖች ደበደቡት ብለው እስራኤልን ወነጀሉ። እስራኤል አላመነችም፤ አልካደችምም። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዐይነት ቃል የሰማ ሕዝብ በሦስተኛው ቀን የራሱን ቃል ቢፈጥር ምን ይፈረድበታል? የሹም ቃል እንደ ገንዘብ ነው፤ ያለ መያዣ ከታተመ ዋጋው ይወድቃል።

በምድር ያለው

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። በካርቱም ልብ፤ ከዐማራት ብዙም ሳይርቅ፤ ሕዝቡ «የአቶም ሆስፒታል» የሚለው የጨረርና የአይሶቶፕ ሕክምና ማእከል አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 የተመሠረተ ሲሆን፤ ጦርነቱ ሥራውን እስኪያቋርጠው ድረስ ከመላው አገር የነቀርሳ ሕሙማን ይጐርፉበት ነበር። ሁለተኛው የጨረር ሕክምና የነበረበት ከተማ ዋድ መዳኒም ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. በፈጥኖ ደራሹ ኀይል ተይዞ፤ ለሠራዊቱ የተመለሰው ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የሳይንስ ቤቶች በተዋጊ እጅ መውደቃቸው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሚያዝያ 17 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የካርቱም ማእከላዊ የጤና ላቦራቶሪ በተዋጊዎች መያዙንና በውስጡ የፖሊዮ፣ የኩፍኝና የኮሌራ ናሙናዎች መኖራቸውን አስጠንቅቆ ነበር።

የጨረር ምንጭ ያለበት ቤት ጠባቂና መዝገብ ያዥ ሲያጣ ምን ሊደርስ እንደሚችል ዓለም በጎያኒያ ተምሯል። በብራዚል በዚህች ከተማ አንድ የጨረር ሕክምና ቤት ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር አሮጌውን መሣሪያ በባዶ ሕንፃ ውስጥ ጥሎት ሄደ። በመስከረም ወር 1980 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች ብረቱ ይሸጣል ብለው ፈትተው ወሰዱት፤ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴም ሸጡት። ከውስጡ የወጣው የሲዚየም ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ያበራ ስለ ነበረ፤ ነጋዴው እንደ ዕንቍ ቈጥሮ ለዘመድና ለወዳጅ አካፈለው። 112,000 ያህል ሰዎች ተመረመሩ፤ 249 ተበክለው ተገኙ፤ አንዲት የ6 ዓመት ሕፃን ጭምር 4 ሰዎች ሞቱ። ከዚያም የአካባቢው የእርሻ ምርት፤ ምንም ሳይነካው፤ ገዢ አጣ።

በ1992 ዓ.ም. በታይላንድ በሳሙት ፕራካን እንዲሁ ከአገልግሎት የወጣ የኮባልት መሣሪያ ራስ በቁርጥራጭ ብረት ግቢ ተቈርጦ 3 ሰዎች ሞቱ። በሜክሲኮ በሲውዳድ ኋሬዝ ደግሞ በ1976 ዓ.ም. የተሸጠ የኮባልት መሣሪያ ከሌላ ብረት ጋር ቀልጦ የቤት መሥሪያ ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆነ። ነገሩ የታወቀው አንድ ብረት የጫነ መኪና መንገድ ስቶ በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ በር ሲያልፍ መለኪያው ስለ ጮኸ ነው። በዚያ ብረት ተሠርተው የነበሩ ቤቶችም ፈረሱ።

በሦስቱም ስፍራ ጨረሩን ከሆስፒታል አውጥቶ ወደ ሰው ቤት ያደረሰው ኪሳራና ትርፍ የሚያሰላ ድኻ ሰው ነው፤ መንገዱም የቁርጥራጭ ብረት ገበያ ነው። በካርቱም በጦርነቱ ዘመን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳይቀር ለመዳቡ ሲባል ከግድግዳና ከምድር ተነቅሎ መሸጡ የታወቀ ነው። መዳብና እርሳስ በሚፈለግበት ገበያ፤ በእርሳስ የተሸፈነ ከባድ የሕክምና ዕቃ ለማያውቀው ሰው ሲሳይ ይመስለዋል።

ከሹማምትና ከነጋዴዎች የሚጠበቀው

ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኀይል ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1993 ጀምሮ በያዘው መዝገብ የጠፉ፣ የተሰረቁና ያለ ፈቃድ የተገኙ የጨረር ዕቃዎች ጉዳይ ከ4,000 በላይ ሆኗል። ከተሰረቁት ግማሽ ያህሉ የተወሰዱት በመጓጓዣ ላይ ሳሉ ነው። ይህ ቍጥር ማስተዋል ላለው ሰው ሁለት ነገር ይነግረዋል፤ መጥፋት እንግዳ ነገር አለመሆኑን፤ የሚጠፋውም የሚገኘው በመዝገብ ስለሚታወቅ መሆኑን።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት መናቅ አይገባም፤ ነገር ግን ጥርጣሬ ወደ መለኪያ ካልመራ ወደ ድንጋጤ ይመራል። ስለዚህ ወደ ካርቱም የተመለሰ አስተዳዳሪ፤ ወይም ከዚያ የሚመጣ ዕቃ በኬላው የሚያልፍ ሹም፤ በመጀመሪያ ከጦርነቱ በፊት በየሆስፒታሉና በየፋብሪካው የነበሩትን የጨረር ምንጮች ዝርዝር ከተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጠይቆ በስፍራው ካለው ጋር አንድ በአንድ ሊያስተያይ ይገባዋል። የጐደለ ቢገኝ ስሙን፣ መጠኑን፣ መልኩንና የአደጋውን ደረጃ በቍጥር ለሕዝብ ይንገር። «አትፍሩ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ መግለጫ ከዝምታ የባሰ ፍርሀት ይወልዳል። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ጎዳና፣ በዚህ መሣሪያ ለካን፤ ያገኘነውም ይህ ነው» የሚል ቃል ግን፤ የዐማራት ጎዳናዎች በቍጥር የሚጠሩ ስለሆነ፤ ማንም ነዋሪ የራሱን ጎዳና ፈልጎ የሚያነበው ይሆናል።

የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴም፤ በአዲስ አበባ «ቁራሌው» እያለ ከሚዞረው ጀምሮ በመርከብ እስከሚጭነው ድረስ፤ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። በቢጫ መደብ ላይ እንደ ሦስት ቅጠል የተሣለ ጥቍር ምልክት፤ ወይም በቀይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ጨረር፣ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ያለበት ምልክት፤ «ራቅ» ማለት ነው። ምልክቱ ተፍቆም ቢሆን፤ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ በእርሳስ የተለበጠ፣ ከሆስፒታል የወጣ የሚመስል ዕቃ አይፈታም፤ አይቈረጥም፤ ወደ እቶን አይገባም። ያገኘው ሰው ሌሎችን አርቆ ለመንግሥት ይናገር። ዕቃውን ከነካ በኋላ የሚያስታውከውና ጥቂት ቀን ቈይቶ እሳት ሳይነካው እጁ የሚቈስል ሰው ካለም ለሐኪሙ ምን እንደ ነካ ይግለጽ። በጎያኒያ ነገሩ የታወቀው የነጋዴው ሚስት ቤተ ሰቡ ሁሉ መታመሙን አስተውላ የቀረውን ወደ ጤና መሥሪያ ቤት ስላስወሰደች ነው። እርስዋ ሞተች፤ ብዙ ሰው ግን በእርስዋ ዳነ።

በብዛት የሚገዛ ነጋዴ በግቢው በር የጨረር መለኪያ ቢያቆም ወጪው እንደ ጥበቃ ደመወዝ ይቈጠርለታል። አንድ የተበከለ ጭነት ከውጭ ወደብ ሲመለስ የሚያስከትለው ኪሳራ፤ የመርከብ ኪራዩና የስሙ መጥፋት ተጨምሮበት፤ ከመለኪያው ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የዐማራት ሰው ዛሬ ማታም በሰማይ ድምፅ ቢሰማ ወደ ውስጥ ይግባ። ሲነጋ ግን በጎረቤቱ ግቢ የተከመረውን ብረት ማን እንዳመጣውና ከየት እንደ መጣ ይጠይቅ፤ ሹሙም መልሱን በመዝገብ ያስፍርለት።